ማንም ሳይጥለው የተሸነፈ

የሬስሊንግ ተፋላሚው ኩርት አንግል ኤፕሪል 2 ቀን 2000 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ ወደ ሪንግ ሲወጣ ሁለት ቀበቶ ነበረው። አንዱ የኢንተርኮንቲኔንታል፣ ሌላው የዩሮፒያን ሻምፒዮንነት ቀበቶ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። መጀመሪያ ክሪስ ቤንዋ ክሪስ ጄሪኮን ጣለና አንደኛውን ቀበቶ ወሰደ። ቀጥሎ ጄሪኮ ቤንዋን ጣለና ሁለተኛውን ወሰደ። አንግልን የጣለው የለም። ትከሻው ምንጣፉን ነክቶ ዳኛው ሦስት አልቆጠረበትም። እጅም አልሰጠም። ሁለቱንም ቀበቶ ግን አጣ።

ከሰው ጋር ስለ ሬስሊንግ ሳወራ ከዚህ ግጥሚያ መጀመር ደስ ይለኛል። ስለ መሰላሉ፣ ስለ ብረት አጥሩ፣ ስለሚሰባበረው ጠረጴዛ ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን ሬስሊንግ ከፈጠራቸው ነገሮች ሦስተኛውን ሰው የሚያህል አላይም። ትሪፕል ትሬት የሚባለውን ማለቴ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ቀበቶ፣ መጀመሪያ የጣለ ይወስዳል።

ልጆች ሆነን ሰፈር ውስጥ ትግል ስንገጥም ሕጉ አንድ ነበር። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። አለቀ። ሁለት ሰው ሲገጥም መውደቅና መሸነፍ አይለያዩም። ያሸነፈው የጣለው ነው፣ የተሸነፈው የወደቀው ነው። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ግን ይለያያሉ። አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ደግሞ ሳይወድቅ ይሸነፋል። ይህ ሳይወድቅ የሚሸነፍ ሰው በሁለት ሰው ትግል ውስጥ የለም። ሕጉ ራሱ ነው የወለደው። እኔን የሚስበኝም እሱ ነው።

የሬስሊንግ ውጤት ቀድሞ የተወሰነ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ሕጉ ምን ይጠቅማል?" ይላል። እንደኔ ሕጉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ውጤቱ በደራሲ እጅ ከሆነ፣ ሕጉ የደራሲው መሣሪያ ነው። ማን ይዘን፣ ማን ይቆጣ፣ ማን ቂም ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው በሕጉ ነው።

ታሪኩን ለመናገር ፊላደልፊያን መዝለል አይቻልም። ከዚያ በፊት ሦስት ሰው ያገጣጠመ አዘጋጅ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ግጥሚያውን የሰው ሁሉ መነጋገሪያ ያደረገው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1994 በአንድ የቢንጎ አዳራሽ የተካሄደው ነው። ድርጅቱ ኢሲደብሊው ነው፤ ያኔ ገና ኢስተርን ቻምፒዮንሺፕ ሬስሊንግ ይባል ነበር። ሻምፒዮኑ ቴሪ ፈንክ የ49 ዓመት ሰው ነው። የገጠሙት ሼን ዳግላስና ሳቡ ናቸው። ዳግላስ በምላሱ የሚታወቅ፣ ሳቡ ደግሞ ከወንበር ላይ ተነስቶ ወደ ሰው የሚበር ጉድ። ሦስቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገሉ። ሰዓቱ አለቀ፣ አሸናፊ አልተገኘም። ሕዝቡ ግን አልተቆጣም። ትንሿ ድርጅት ከዚያ ምሽት በኋላ በሬስሊንግ ወዳጆች ዘንድ ስሟ ተነሳ። ከጀርባ ሆኖ ትርዒቱን የሚያቀናብረው ፖል ሄይማን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነበር። ስሙን ያዙልኝ፣ ደጋግሞ ይመጣል።

ኢሲደብሊው ይህን ግጥሚያ "ትሪ ዌይ ዳንስ" ብሎ የራሱ አደረገው። ኤፕሪል 13 ቀን 1997 በመጀመሪያው የክፍያ ቴሌቪዥን ትርዒቱ ላይ ፈንክ፣ ሳንድማንና ስቲቪ ሪቻርድስ ገጠሙ። ያሸነፈው በዚያው ምሽት ሻምፒዮኑን ሬቨንን ይገጥማል። ፈንክ 52 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሪቻርድስ ወጣ፣ ቀጥሎ ሳንድማን። ከዚያ ሽማግሌው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሬቨንን ገጠመና ቀበቶውን ወሰደ። ይህን ግጥሚያ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። በ52 ዓመት ሰው ላይ እንደዚያ ዓይነት እልህ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። በኢሲደብሊው ሕግ አንድ ሰው ሲወድቅ ይወጣል፣ የቀሩት ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሻምፒዮኑ ቀበቶውን እንዲያጣ የግድ ራሱ መውደቅ አለበት። ይህ ፍትሐዊ ነው። ማንም ቅሬታ የለውም። ትልቁ ድርጅት ደብሊውደብሊውኤፍም፣ የዛሬው ደብሊውደብሊውኢ ማለት ነው፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1997 ቻተኑጋ፣ ቴነሲ ውስጥ አራት ሰው ለባዶ ቀበቶ ሲያገጣጥም የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሾን ማይክልስ ቀበቶውን የለቀቀው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ብሬት ሃርት፣ ስቲቭ ኦስቲን፣ አንደርቴከርና ቬደር ገቡ። የወደቀ ይወጣል፣ ከላይኛው ገመድ በላይ የተወረወረም ይወጣል። በመጨረሻ ሃርት ብቻውን ቀረ። በማግስቱ ግን ቀበቶውን በሲድ ተነጠቀ።

የደብሊውደብሊውኤፍ ትሪፕል ትሬት ግን ከዚህ ሕግ ወጣ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከወደቀ ሁሉም ነገር አበቃ። እንደ ስፖርት ካየነው የኢሲደብሊው ይሻላል። ለታሪክ ግን የደብሊውደብሊውኤፉ ይበልጣል። እኔ ይህን ፍትሕ የጎደለውን ሕግ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም ልናገር።

ሻምፒዮን መሆን በሬስሊንግ ውስጥ ጥቅም አለው። አንድ ለአንድ ሲገጥም፣ በጥፋት ቢባረር ወይም ከሪንግ ውጭ ሆኖ ቢቆጠርበት ግጥሚያውን ይሸነፋል እንጂ ቀበቶው አይወሰድም። ስለዚህ ክፉ ሻምፒዮን ሲጨንቀው ወንበር አንስቶ ዳኛው ፊት ይመታል፤ ተባሮ ቀበቶውን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ሰው ሲሆን ግን ይህ መሸሸጊያ ይፈርሳል። አንዱ በወንበር ቢመታ ማንን አሸናፊ ይሉታል? የቀሩት ሁለት ናቸው። ስለዚህ በጥፋት መባረር የለም፣ ውጭ መቆጠርም የለም። በዚህ ላይ ሻምፒዮኑ ከመውደቁ በፊት ሁለቱ እርስ በርስ ተጣጥለው ቀበቶውን ሊወስዱበት ይችላሉ። በታሪኩ ውስጥ ያሉ አለቆች ሻምፒዮንን መቅጣት ሲፈልጉ ሦስተኛ ሰው የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ኮሜንታተሮቹም በየግጥሚያው መጀመሪያ ላይ ሻምፒዮኑ ሳይወድቅ ቀበቶውን ሊያጣ እንደሚችል ሳይናገሩ አያልፉም።

የደብሊውደብሊውኤፍ አለቃ ቪንስ ማክማሃን ይህን መሣሪያ በሻምፒዮኑ በኦስቲን ላይ መዘዘው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1998፣ ካናዳ፣ ሃሚልተን ውስጥ ኦስቲንን ከአንደርቴከርና ከኬን ጋር አገጣጠመው። ሁለቱ በታሪኩ ወንድማማች ናቸው። ማክማሃን ሌላ ሕግ ጨመረ፤ ወንድማማቾቹ አንዱ ሌላውን መጣል አይችሉም። ስለዚህ ቀበቶውን የሚያገኙት ኦስቲንን ከጣሉ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ አንስተው አፈረጡት፣ አንድ ላይም ተጫኑት። ዳኛው ሦስት ቆጠረ። ማን አሸነፈ? ሁለቱም ጥለውታል። ማክማሃን ቀበቶውን ነጥቆ ሮጠ፣ ለሳምንታትም ሻምፒዮን የሚባል ሰው አልነበረም። ጥያቄው የተዘጋው ኖቬምበር 15 በሴንት ሉዊስ በተደረገ ውድድር ዘ ሮክ ሲያሸንፍ ነው። አንድ ትንሽ የሕግ ቀዳዳ ለሁለት ወር ታሪክ በቃች። እንዲህ ዓይነቱ አጻጻፍ ያስደንቀኛል።

በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 22፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ኦስቲን እንደገና በሦስት ሰው ግጥሚያ ተሸነፈ። የጣለው ማንካይንድ ነው። ዳኛው ጄሲ ቬንቹራ ነበር፤ የቀድሞ ተፋላሚ፣ ያኔ ግን የሚኒሶታ ግዛት ገዥ። ሦስተኛው ትሪፕል ኤች አልወደቀም። በማግስቱ ማንካይንድን ገጠመና ቀበቶውን ወሰደ።

ግጥሚያው ድክመት የለውም ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ብዙ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ መታገል ይከብዳል። ስለዚህ አንዱ ተመትቶ ከሪንግ ውጭ ይወድቃል፣ ሁለቱ ይታገላሉ። ከዚያ ይቀያየራሉ። ውጭ ያለው ሰው ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ተኝቶ ይቆያል። አንድ ለአንድ ቢሆን በአምስት ሰከንድ የሚነሳበት ምት ነው። አሰልቺ ትሪፕል ትሬት ማለት ይህ ነው፤ ተራ በተራ የሚተኙበት። ጎበዞቹ የሚለዩት ውጭ የወደቀው ሰው ለምን እንደተኛ ምክንያት በመስጠታቸው ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ እውነተኛ ይሆናል። ኦገስት 27 ቀን 2000፣ ራሌይ፣ ኖርዝ ካሮላይና። ሮክ ሻምፒዮን ነው፣ ትሪፕል ኤችና ኩርት አንግል ይገጥሙታል። ገና ሲጀመር ትሪፕል ኤች አንግልን የኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ አወጣው። መለያ ምቱን ሊመታው ሲያዘጋጀው ጠረጴዛው ሳይታሰብ ፈረሰ። አንግል ጭንቅላቱን ተመታና ራሱን ሳተ። የታቀደ አልነበረም። ወደ ኋላ ወሰዱት። ሮክና ትሪፕል ኤች ለሦስት ሰው የተሰናዳውን ግጥሚያ ለሁለት እያደረጉ ቀጠሉ። አንግል ቆይቶ ተመለሰ፤ የት እንዳለ በቅጡ ሳያውቅ። ሮክ ትሪፕል ኤችን ጥሎ ቀበቶውን አስጠበቀ። ዛሬ ቢሆን እንደዚያ የተመታ ሰው ወደ ሪንግ አይመለስም፤ መመለስም የለበትም።

ስለ ቤንዋ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስሙን ከላይ ጠርቼዋለሁና። ማርች 14 ቀን 2004 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ትሪፕል ኤችንና ሾን ማይክልስን ገጥሞ ትሪፕል ኤችን እጅ አሰጠው። የሬስልማኒያ፣ ማለትም የድርጅቱ ትልቁ ዓመታዊ ትርዒት፣ መዝጊያ ሆኖ የቀረበ የመጀመሪያው ትሪፕል ትሬት ነው። እንደ ሥራ ካየነው ከምርጦቹ ተርታ ነው። በጁን 2007 ግን ቤንዋ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ገደለ፣ ራሱንም አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያንን ግጥሚያ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ሊሰርዘው አይችልም፣ ሊያሞግሰውም አይገባም።

እንከን የለውም የምለው ትሪፕል ትሬት የተካሄደው በትልቁ ድርጅት ውስጥ አይደለም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ኦርላንዶ ነው፣ ቲኤንኤ በሚባል ሌላ የሬስሊንግ ድርጅት። ክሪስቶፈር ዳንኤልስ የኤክስ ዲቪዥን፣ ማለትም ፍጥነትና መብረር የሚበዛበት ምድብ፣ ሻምፒዮን ነው። ኤጄ ስታይልስና ሳሞዋ ጆ ይገጥሙታል። ዋናው የከባድ ሚዛን ቀበቶ እያለ የምሽቱ መዝጊያ ይህ ሆነ፤ ለሦስቱ የተሰጠ ክብር ነው። ውጭ ተኝቶ የሚቆይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ሲይዝ ሌላው ይደርሳል፣ ሁለቱ ሲተናነቁ ሦስተኛው ከላይ ይበርባቸዋል። ጆ ግዙፍ ነው፣ ስታይልስ ፈጣን፣ ዳንኤልስ ብልጥ። ሦስት ዓይነት ሰው ስለሆኑ ሦስት ዓይነት አደጋ አለ። በመጨረሻ ስታይልስ ዳንኤልስን ቆልፎ ጣለው። ግጥሚያዎችን በኮከብ የሚመዝነው ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘር አምስት ኮከብ ሰጠው። ቲኤንኤ ከዚያ በፊት አምስት አግኝቶ አያውቅም ነበር።

ሳሞዋ ጆን ልብ በሉልኝ። ተሸነፈ፣ ግን አልወደቀም። በጁን 2005 ወደ ድርጅቱ ከገባ ጀምሮ የጣለው ሰው የለም፣ እጅ ያሰጠው ሰውም የለም። ከዚያ ምሽት በኋላም ይህ ወሬ አልተቋረጠም። ሦስት ሰው ባይሆኑ ኖሮ ያበቃ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ "ጆን የጣለው የለም" እየተባለ ቆየ። ኖቬምበር 19 ቀን 2006 አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ጠምዝዞ እጅ አሰጠው። ያ ሰው ከደብሊውደብሊውኢ ገና የመጣው ኩርት አንግል ነው።

አንግል በዚህ ታሪክ ውስጥ በየቦታው አለ። ጁላይ 21 ቀን 2002 ዲትሮይት ላይ ሻምፒዮኑ አንደርቴከር ነበር። ሮክና አንግል ገጠሙት። ሦስቱ አንዱ የሌላውን መለያ ምት እየሰረቀ ታገሉ። ሮክ አንግልን ጣለ። ቀበቶውን ያጣው ግን ቆሞ የቀረው አንደርቴከር ነው። ያኔ አንግል በወደቀው ሰው ቦታ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኤፕሪል 2 ቀን 2006 ቺካጎ አጠገብ ሻምፒዮኑ ራሱ አንግል ነው። ሬይ ሚስቴሪዮና ራንዲ ኦርተን ገጠሙት። ሚስቴሪዮ ኦርተንን ጣለ። አንግል ሳይወድቅ ቀበቶውን አጣ፤ ልክ በስድስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

ይህን ግጥሚያ እኛ ያየነው ዘግይቶ በሲዲ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ለሬይ ሚስቴሪዮ ያልጮኸ ልጅ አልነበረም። ትንሽ ሰው ነው፣ ከ1 ሜትር ከ70 በታች። ጓደኛው ኤዲ ጌሬሮ በኖቬምበር 2005 ሞቷል። ሚስቴሪዮ በጃንዋሪ 2006 ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሮያል ራምብልን አሸነፈ፤ ሠላሳ ሰው ተራ በተራ የሚገባበት፣ አሸናፊው በሬስልማኒያ ለቀበቶ የሚገጥምበት ውድድር ነው። ድሉንም ለጓደኛው አደረገው። እኛ ልጆቹ ሁሉ አለቀስን ማለት ይቻላል። ታላቅ ወንድሜ ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ ተናደደ። "አንግልን ማን ጣለው? ንገሩኝ እስቲ፣ ማን ጣለው?" ይላል። "ኦርተን ወደቀ አይደል? ታዲያ የኦርተንን ይውሰዱ!" መልስ የሰጠው አልነበረም። ሚስቴሪዮን ብወድም የወንድሜ ጥያቄ ትክክል ነው። ዛሬም ትክክል ነው።

አንግል ወደ ሬስሊንግ ከመግባቱ በፊት እውነተኛ ታጋይ ነበር። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ100 ኪሎ ነፃ ትግል ወርቅ ወሰደ። ፍጻሜውን የገጠመው ኢራናዊው አባስ ጃዲዲ ነው። 1 ለ 1 ወጡ፣ ጭማሪ ሰዓቱም አልቆ አልተለያዩም። ዳኞቹ ተነጋግረው የአንግልን እጅ አነሱ። ጃዲዲን ማንም አልጣለውም፣ በነጥብም አልተበለጠም፣ ብር ይዞ ተመለሰ። ይህኛው የተጻፈ ድርሰት አይደለም። ያንን የጃዲዲን ፊት ያየ ሰው ትሪፕል ትሬት የሚነካው ስሜት ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል። ሰው "በለጠኝ" ብሎ ሽንፈቱን ይውጣል። ያልወደቀ ሰው ግን ምን ብሎ ይውጠው?

ሦስተኛው ሰው ሌላም ሥራ አለው። አዘጋጆቹ ለሁለት ሰው የደገሱትን ድግስ ሕዝቡ ሲቃወም፣ የሕዝቡ ሰው የሚገባበት በር እሱ ነው። በ2014 ለሬስልማኒያ 30 የታሰበው ሻምፒዮኑ ራንዲ ኦርተን ከባቲስታ ጋር ነበር። ባቲስታ በጃንዋሪ ፒትስበርግ ላይ ሮያል ራምብልን ሲያሸንፍ አዳራሹ ሙሉ ጮኸበት። ሕዝቡ የፈለገው ዳንኤል ብራያንን ነው። ከየትም ከተማ፣ በየሳምንቱ፣ ጣቱን ወደ ላይ እየቀሰረ "የስ! የስ!" ይላል። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ተሸነፉ። ኤፕሪል 6 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብራያን በምሽቱ መጀመሪያ ትሪፕል ኤችን አሸንፎ ወደ መዝጊያው ገባና ባቲስታን እጅ አሰጠው። ሻምፒዮኑ ኦርተን እጅ አልሰጠም፣ አልወደቀም። እዚህ ጋ ግን ለኦርተን ያዘነ ሰው አላየሁም። ሕጉ ያው ነው፤ በማን ላይ እንደዋለ ነው ልዩነቱ።

በ2019 ደግሞ ቤኪ ሊንች። ሬስልማኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴቶች ግጥሚያ የሚዘጋበት ዓመት ነው። ሊንች ሮያል ራምብልን አሸንፋለች፣ በታሪኩ ግን ማክማሃን ነጥቆ ቦታዋን ለሻርሎት ፍሌር ሰጠ። በማርች መልሰው አስገቧትና ሦስት ሆኑ። ሮንዳ ራውሲ አንድ ቀበቶ ይዛለች። ፍሌር ሌላኛውን ከአስካ ላይ የወሰደችው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። ኤፕሪል 7፣ ኒው ጀርዚ። ግጥሚያው ሲያልቅ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ እዚህ አዲስ አበባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ከእንቅልፌ ተነስቼ ነው የጠበቅኩት። ሊንች ራውሲን ጠቅልላ ጣለቻትና ሁለቱንም ቀበቶ ወሰደች። የራውሲ ትከሻ ከምንጣፉ ተነስቶ ነበር እያለ እስከ ዛሬ የሚከራከር አለ። እኔ ያሰብኩት ስለ ፍሌር ነው። አስካ ያንን ቀበቶ ያጣችው ፍሌር ለአንድ ምሽት ይዛው እንድትገባ ነው። ፍሌርም ሳትወድቅ አጣችው። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ከሁሉም የተበደለችው ሪንጉ አጠገብ እንኳ ያልነበረችው አስካ ናት ብዬ አምናለሁ።

ማርች 29 ቀን 2015 ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ሳንታ ክላራ፣ ካሊፎርኒያ። ሻምፒዮኑ ብሮክ ሌስናር ከሮማን ሬንስ ጋር አንድ ለአንድ እየታገለ ነው። ከሪንጉ አጠገብ ለሌስናር የሚናገርለት ፖል ሄይማን ቆሟል፤ የ1994ቱ ሄይማን። ሁለቱ ደክመው ሲወድቁ ሴት ሮሊንስ ሻንጣውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሻንጣው በፈለገው ሰዓት ለቀበቶ የመግጠም መብት ይሰጠዋል። ማንም በሬስልማኒያ መዝጊያ መሃል ተጠቅሞበት አያውቅም ነበር። ግጥሚያው እዚያው ሦስት ሰው ሆነ። ሮሊንስ ሬንስን ጣለ። ሌስናር ሳይወድቅ ቀበቶው ሄደ። በማግስቱ ሌስናር ያገኘውን ሁሉ ሲሰባብር ዋለ። እኔ እፈርድለታለሁ። የተቀጠረው ለሁለት ሰው ትግል ነበር።

ለዚህ ቅሬታ ሁሉ መልስ የሰጠው ያኔ የወደቀው ሬንስ ራሱ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 2021፣ ታምፓ። በወረርሽኙ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ ከነበረ በኋላ ሕዝብ የተመለሰበት ሬስልማኒያ ነው። ሬንስ ሻምፒዮን ነው፣ ኤጅና ዳንኤል ብራያን ይገጥሙታል። ሄይማን አሁን ከሬንስ ጎን ነው። ኤጅ በአንገት ጉዳት ዘጠኝ ዓመት ከሪንግ ርቆ የተመለሰ ሰው ነው። ብራያን የሕዝብ ልጅ ነው። ሬንስ ሁለቱም በወንበር ተመትተው ሲዘረሩ አንዱን መጫን ይበቃው ነበር። አልበቃውም። አንዱን በሌላው ላይ ከመረና ሁለቱን አንድ ላይ ተጫነ። ሦስት ተቆጠረ። "እኔ አልወደቅኩም" የሚል ሰው አላስተረፈም። በ1998 ሁለት ሰው አንዱን ጥለው ቀበቶው ባለቤት አጣ። በ2021 አንዱ ሁለቱን ጥሎ ክርክሩን ሁሉ ዘጋው። ሬንስ ቀበቶውን ይዞ እስከ ኤፕሪል 2024 ቆየ።

አሁን ዓይኔ ያለው በሪያ ሪፕሊ ላይ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ላስ ቬጋስ ላይ እሷና ቢያንካ ቤሌር ሻምፒዮኗን ኢዮ ስካይን ገጠሙ። ከኦርላንዶው ግጥሚያ ወዲህ ያን ያህል የወደድኩት የለም። ሦስቱም እንደዚያው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሪፕሊ ጉልበት፣ ቤሌር ፍጥነትና ጉልበት፣ ስካይ ከገመድ ላይ የምትበር። ስካይ ቤሌርን ጣለች። ሪፕሊ አልወደቀችም። ጁላይ 13 አትላንታ ላይ ሪፕሊና ስካይ አንድ ለአንድ እየታገሉ ናኦሚ ሻንጣዋን ይዛ ገባች፣ ልክ እንደ ሮሊንስ። ስካይን ጣለች፣ ቀበቶውን ወሰደች። ሪፕሊ አሁንም አልወደቀችም። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ይህን በዋዛ ሊያልፉት አይገባም። አንግል በ2000 ያጣው ቀበቶ ሲነሳ ዛሬም የሚቆጭ ሰው አለ። ሪፕሊ አንድ ለአንድ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው በሌለበት ምሽት፣ የጀመረችውን ግጥሚያ የምትጨርስበት ዕድል ይገባታል።